የአብዱ ዓሣዎች

በዚያ ዓመት በልጉ ከዳ። በየካቲት አንድ ቀን ዘነበና ቡናው አበበ፤ የኮንጋ መንደር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለበሰ። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ጠብታ አልወረደም። አበባው እንዳለ ደረቀ፤ በእጅ ሲነኩት እንደ ትንባሆ ይፈረፈር ነበር። እንሰቱን አጠውልግ የሚባለው በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ከመሃል ቢጫ እየሆነ ወደቀ፤ ሰው የታመመውን እየነቀለ ቀበረ። የቡና ማጠቢያው ሰዎች መጥተው ማሳውን አዩና ዘንድሮ በራችንን አንከፍትም ብለው ሄዱ። ወጣቱ ወደ ዲላ ወረደ፤ ከዲላ ወደ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ወዲያ ማንም ወደማያውቀው። ሽማግሌው ቀረ።

ይርጋም ከቀሩት አንዱ ነበር። ሚያዝያ ሲያልቅ ግን ቤቱ ውስጥ የሚቀመስ ጠፋ። አንድ ጠዋት ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ወደ ዲላ ወረደ። ቅርጫቱ ውስጥ ምንም አልነበረም።

የቅርጫቱ ነገር እንዲህ ነው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የይርጋ ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ማርቲ የተባለችው ሕፃን የላም ወተት ቢያጠጧት ተፋች፤ ጡጦ ቢያቀርቡላት ፊቷን አዞረች። ድምፅዋ እየሰለለ ሄደ። ይርጋ ታቅፏት ሐኪም ፍለጋ ዲላ ሲገባ፣ ገበያው ዳር ከጨርቅ ሱቋ ደጅ የተቀመጠች ሴት አየችው። መሪማ ናት። ቤተሰቧ ከአዲስ አበባ አቅራቢያ ካለው ደጋ መጥቶ ዲላ የከተመ ነጋዴ ነው። ይርጋ ለሚስቱ አንድ ጊዜ ከእርሷ ነጠላ ገዝቷል፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበራቸውም። የሦስት ወር ልጇ አብዱልአዚዝ ጭኗ ላይ ተኝቷል።

«አምጣት» አለችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችውም።

ማርቲ ጡቷን ያዘች። ዓመት ሊሞላት ጥቂት እስኪቀራት እዚያው ቤት አደገች። አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ በመሪማ ሃይማኖትም በይርጋ አገርም ይህ አይጠየቅበትም። ይርጋ ለውለታው ወይፈን ነድቶ መጣ። መሪማ ወይፈኑን ከነገመዱ መለሰችው፤ ጡት አይሸጥም አለችው። ከዚያ ወዲህ በየመኸሩ ቅርጫቱን በቆጮ፣ በአቮካዶ፣ በማር ሞልቶ ይወስድላታል። ባዶ ዕቃ አይመለስምና እርሷም ስኳር፣ ሳሙና፣ ለማርቲ የሚሆን ጨርቅ ጨምራ ትመልስለታለች። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ባዶውን መልሳ አታውቅም። ይርጋ መንገድ ላይ ቅርጫቱን በክንዱ ሲመዝነው፣ ሁልጊዜ የሚወስደው ካመጣው ይከብደው ነበር። ዕዳው እንዳለ ነው።

በዚያ ቀን መሪማ ባዶውን ቅርጫት አየች። ተቀብላው ሱቁ ጥግ አስቀመጠችውና ይርጋን ወደ ጓዳ ወሰደችው።

ጓዳው የአብዱልአዚዝ መኝታ ነበር። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ከአልጋው ግርጌ ሰው የሚያክል የመስተዋት ገንዳ ቆሟል። አብዱ ራሱ የመስኮት መስተዋት አጣብቆ የሠራው ነው። ውሃው ውስጥ ጣት የሚያህሉ ሦስት ዓሣዎች አሉ፤ ጀርባቸው ጎበጥ ያለ፣ ዓይናቸው የሚያበራ፣ አፋቸው ከመጠናቸው በላይ የሰፋ። ናይል ፐርች የሚባለው ሥጋ በል ዓሣ ጫጩቶች ናቸው፤ አብዱ ከአባያ አጥማጆች ለምኖ ያመጣቸው። አምስት ነበሩ።

አብዱ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። ዩኒቨርሲቲውን በሁለተኛ ዓመቱ ትቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ።

«አደራ ብሎኝ ነው የሄደው» አለች መሪማ። «እነሱ ካሉ እሱም አለ።»

የጨርቅ ዋጋ እንደምትናገር አድርጋ ነው የተናገረችው። ይርጋ ዓይኗን ላለማየት ዓሣዎቹን አየ።

ዓሣዎቹ የሚበሉት ነፍስ ያለው ነገር ብቻ ነበር። የሚዋኝ፣ የሚሸሽ። አብዱ ከወንዙ ትናንሽ ዓሣ እየያዘ ያበላቸው ነበር፤ እርሱ ከሄደ ወዲህ መሪማ ሰው እየላከች ታስይዛለች። የሚላኩት ሲሰለቹ ሁለቱ ሞቱባት። ሱቁ ደጅ ጫማ የሚሰፋው ጎሹ ለይርጋ በጆሮው እንደነገረው፣ ሁለተኛው ሞቶ ሲንሳፈፍ ያገኘችው ቀን መሪማ በሯን ዘጋች፤ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። በአራተኛው ቀን ጎረቤት በሩን ገፍቶ ነው ያወጣት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጸሎቷ እንደተነሣች መጀመሪያ የምታደርገው የገንዳውን ዓሣ መቁጠር ነው። ቁጥሩ ከሞላ ቁርስ ትበላለች።

ይርጋ እዚያው ዲላ እያደረ ሥራውን ያዘ። በየማለዳው አሮጌ አጎበር ይዞ ወንዝ ይወርዳል፤ ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ያገኘውን በጣሳ ያመጣል። ግንቦት ሲጋመስ ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሆነ። ከኩሬዎቹ እንቁራሪቱ ሳይቀር ጠፋ። አንድ ቀን ሦስት፣ በማግሥቱ አንድ አመጣ። ሰው በቁሙ እየራበው ውሃ ውስጥ ለዓሣ ምግብ ሲፈልግ የሚያየው ሁሉ ይስቃል።

አልጋው ሥር አብዱ ያስቀመጠው የደረቅ መኖ ከረጢት አገኘ። ላዩ ላይ የዓሣ ሥዕል አለበት። አንድ እፍኝ ጣለላቸው። ዓሣዎቹ መጥተው አዩት። ፍሬው ሳይንቀሳቀስ ወደታች ወረደ። ፊታቸውን አዞሩ።

ያንን አዟዟር ይርጋ ያውቀዋል። ማርቲ ጡጦ ሲያቀርቡላት እንዲህ ነበር ያደረገችው። መሪማ እንዴት ጡት እንዳስጣለቻትም ያውቃል፤ አጠገቧ ተቀምጦ አይቷል። መጀመሪያ ጣቷን በገዛ ወተቷ ነክራ አጠባቻት። ቀጥላ ጣቷ ላይ ከወተቱ ጋር ቀጭን የቡላ አጥሚት ጠብ አደረገች። በየቀኑ ወተቱን ትቀንሳለች፤ አጥሚቱን ትጨምራለች። ልጅቷ የለመደችው የመሰላት ጣቷን ነው፤ የዋጠችው ግን እህሉን ነበር። ሲጨርሱ መሪማ ስቃ፣ ሰው ሁሉ ተታሎ ነው እህል የሚለምደው አለችው።

ዓሣም ይታለላል ሲል አሰበ። ግን ከመታለሉ በፊት መራብ አለበት። ስለዚህ አስጾማቸው።

ጎሹ ይህን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠ። «ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም ብለው ካህናት ሲከራከሩ ኖሬአለሁ» አለ። «ዓሣ ራሱ ሲጾም ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። ለመሆኑ ስንት ሰዓት ይገድፋል?» ሱቅ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። መሪማም ፈገግ አለች። ከመጣ ወዲህ ይርጋ ስትስቅ ያያት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰው ሲጾም ክፋቱ ይደክማል። ይርጋ ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ነው፤ ዓሣም እንደዚያ መስሎት ነበር። በአራተኛው ቀን ማለዳ መሪማን ከገንዳው አጠገብ ቆማ አገኛት። ሁለት ብቻ ነበሩ። የትልቁ ሆድ ተነፍቶ ነበር፤ ከአፉ የወንድሙ ጭራ ወጥቷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአብዱ እናት» አላት።

መሪማ በዚያን ቀን አልበላችም፤ በማግሥቱም። በሦስተኛው ቀን ይርጋ ሁለቱን በመስተዋት ቁራጭ ለያይቶ ሲያሳያት አንድ ፍንጃል ሻይ ጠጣች።

ከዚያ ወሬው መጣ። ቶሌራ በሞያሌ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አብዱን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ቅዳሜ ዕለት ይርጋን መናኸሪያው አጠገብ አግኝቶ ከመኪናው ጀርባ ወሰደው። ሁለት ድንበር ካለፉ በኋላ ደላሎቹ እነ አብዱን ዝግ መኪና ውስጥ አጉረዋቸው ነበር። መኪናው አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ላይ ቆመ። ሲከፈት አሥራ አንዱ ታፍነው ሞተዋል፤ እዚያው በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። የተረፈ ልጅ ነው ለቶሌራ የደወለው።

«ስሙን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት ኦቦ ይርጋ» አለ ቶሌራ። «ሦስቴም ያው ነው።»

ይርጋ በቀጥታ ወደ ገሪማ ሄደ። ገሪማ የመሪማ ሟች ባል ወንድም ነው፤ ከገበያው ማዶ የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ገሪማ ሱቁን ዘግቶ ውስጥ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ እንደ ወጉ ወሰነ። እህቶቿ ከአገር ቤት እስኪመጡ ይቆያል። መርዶው በሚመጣው ሳምንት እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ ይሆናል። እስከዚያ አንድ ቃል ከማንም አፍ እንዳይወጣ።

ስምንት ቀን ማለት ነው። ይርጋ ዓሣዎቹ እስከዚያ ደረቅ ምግብ መልመድ አለባቸው አለው። ገሪማ ትክ ብሎ አየው።

«ሰው ሞቶ ስለ ዓሣ ታወራለህ?»

«ሰውየውማ ሞቷል» አለ ይርጋ። «እኔ የማወራው ስለ እናቱ ነው። ወንዙ ደርቋል። ለቅሶ ቤት ሆኖ ማን ጣሳ ይዞ ይወርዳል? መርዶውና የዓሣዎቹ ሞት በአንድ ሳምንት ከመጣባት ያን በር ዳግመኛ ገፍታችሁ አታወጧትም።»

ገሪማ ለዓሣዎቹ ምግብ ጉበት ግዛበት ብሎ ከኪሱ ገንዘብ አወጣ። ይርጋ ተቀበለ።

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከኩሬው የመጨረሻዎቹን ዓሣዎች ይዞ መጣ፤ ግማሾቹን ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ አደረቀ፤ ወቀጠ። ጉበት አድቅቆ ከዱቄቱ ጋር በቡላ አቦካው። ቡላ ሲበስል እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ውሃ አይበትነውም። በእንፋሎት አብስሎ እንደ ትል ቀጭን አድርጎ አሸው፤ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ከዚያ መሪማን የስፌት ክር ለመናት።

እሑድ በክሩ ጫፍ የሞተ ዓሣ አሰረ። ከዓሣዎቹ ፊት ጎተት፣ ቆም፣ ጎተት አደረገው። ትልቁ ወዲያው ነጠቀው። ትንሹ አየው እንጂ አልቀረበም። ሰኞ የቡላውን ትል በሞተ ዓሣ ቆዳ ሸፍኖ አሰረ። ትልቁ ነጠቀና ተፋው። አሥር ጊዜ ነጠቀ፤ አሥር ጊዜ ተፋ። የወደቀው ውሃውን እንዳያገማ ይርጋ እየለቀመ ያወጣል፤ እጁ እስከ ክርኑ ተጨማደደ። ማክሰኞ በአሥራ አንደኛው ላይ ዋጠው። ትንሹ በመለያው መስተዋት በኩል ይህን ሲያይ ለእርሱ የተንጠለጠለለትን ቀርቦ አሸተተ።

መሪማ እየመጣች ከጎኑ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። አብዱ ሲመጣ ዓሣዎቹ ሞተው ይጠብቁኛል ብሎ እንደሚፈራ፣ ደረቅ ሲበሉ ቢያይ ግን እንዴት እንደሚደነቅ ትነግረዋለች። ገንዳውን ሲሠራ ጣቱን መስተዋት ቆርጦት ምን ያህል እንዳለቀሰ፣ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ እንደነበር ትነግረዋለች። ይርጋ ክሩን ይጎትታል። አዎ ይላል። ዓይኑን ከውሃው አያነሣም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊቷ ቀና ብሎ የቆመ ሰው ነው፤ አሁን ጀርባው እየጎበጠ ሄደ።

ረቡዕ ወደ ገደብ ከተማ ደወለ። ማርቲ እዚያ መምህርት ናት። በስልክ አልነገራትም፤ ቅዳሜ ነይ ብቻ አላት። ለምን ብላ አልጠየቀችውም። «እማ መሪማ ታውቃለች?» አለች። አታውቅም አላት።

ሐሙስ መብራት ጠፋ። ገንዳው ውስጥ አየር የሚነፋው ማሽን ቆመ። ይርጋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በጣሳ ውሃውን እየቀዳ ከላይ መልሶ ሲያፈስ ዋለ። ጎሹ ሥራውን ትቶ መጥቶ አገዘው፤ ያን ቀን አልቀለደም። ዓሣዎቹ እንደ ሰካራም ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትልቁ፣ ያ የለመደው፣ በጎኑ ዞረ። ተንሳፈፈ። መብራቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የቀረው ትንሹ ነበር፤ አንድም ቀን ደረቅ ቀምሶ የማያውቀው። መሪማ መጣች፤ ቆጠረች። ቆጠራ የሚባል ነገር አልቀረም። ወጣች።

ይርጋ በገንዳው አጠገብ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ሰው የታፈነበት መኪና ታየው። ጣሳ ይዞ የሚያፈስላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው ላለማሰብ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ዓርብ ክሩን አንሥቶ እንደገና ጀመረ። ትንሹ አልነካም። የዓሣ ደም ቢቀባለት፣ ቆዳ ቢያለብስለት፣ ቢያርቅለት፣ ቢያቀርብለት አልነካም። ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ ይርጋ ደከመው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ክሩም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ይርጋ አስቦበት ሲጎትተው እንዲያ ተንቀሳቅሶ አያውቅም፤ ሕይወቱ ልትወጣ ያለች ትንሽ ዓሣ መሰለ። ትንሹ ዘልሎ ነጠቀው። አልተፋውም።

ቅዳሜ ጠዋት በክር በላ። እኩለ ቀን ላይ ያለ ክር ጣለለት፤ ሲወርድ ተከትሎት ሄዶ ከመሬት ሳይደርስ ዋጠው። ይርጋ ማንንም አልጠራም። በግንባሩ መስተዋቱን ተደግፎ ቆየ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ገሪማ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከአገር ቤት የመጡት እህቶቿ ተሰብስበው በሩን አንኳኩ። ይርጋና ማርቲ ከኋላ ነበሩ። መሪማ ተነሥታ ነበር። በሩን ከፍታ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ገሪማን አየች፤ እህቶቿን አየች። ዓይኗ ማርቲ ላይ ሲደርስ ቆመ። በትምህርት ወቅት፣ በዚህ ሰዓት፣ ጥቁር ለብሳ። ገሪማ አፉን ሊከፍት ሲል መሪማ እጇን አነሣች። ወደ ይርጋ ዞረች።

«በላ?»

«በላ።»

«ደረቁን?»

«ደረቁን። ያለ ክር።»

ወደ ጓዳ ገብታ አልጋው ላይ፣ የአብዱ አልጋ ላይ ተቀመጠች። አብዱ ከሄደበት ቀን ጀምሮ አልጋው ላይ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም ነበር። «እንግዲያው ንገሩኝ» አለች።

ገሪማ ቃሉ አልወጣ አለው። ይርጋ ፊቷ ተንበርክኮ ነገራት፤ መኪናውን ሳያነሣ፣ አብዱ እንደሞተና እንደተቀበረ ብቻ። ማርቲ ወንድሜ ብላ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የሆነው ለቅሶ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ በየቤቱ አንድ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። መሪማ ከሰው እጅ እህል አልተቀበለችም። ጠዋት ጠዋት ግን ተነሥታ፣ ሰው መንገድ እየለቀቀላት ወደ ገንዳው ትሄድና ከቡላው ትል ቆርሳ ትጥላለች። ሲበላ ታያለች። ተመልሳ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ቀን ማርቲ ያፈላችላትን አጥሚት ግማሹን ጠጣች። ግማሹን አስቀመጠችው።

በአራተኛው ቀን ዝናብ መጣ። ለቡናው አይጠቅምም፤ የረፈደ ዝናብ ነው። ይርጋ ሊሄድ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ያደረቀውን የዓሣ ምግብ ሁሉ በቅርጫቱ ሞልቶ አመጣላት፤ ሁለት ወር የሚበቃ ነበር። እንዴት እንደሚቦካ ማርቲ ታውቃለች፤ እስከ ክረምቱ ማብቂያ አብራት ልትቆይ ነው አላት።

መሪማ ቅርጫቱን ተቀበለችው። ያለውን ሁሉ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠች። ግርጌው የቀረውን ፍርፋሪ በመዳፏ ጠረገች። ይርጋ እንደ ልማዱ ወደ ሱቁ መደርደሪያ ትሄዳለች ብሎ ቆሞ ጠበቀ። አልሄደችም። ቅርጫቱን ደፍታ፣ እንደገና አቅንታ፣ በሁለት እጇ ሰጠችው።

ባዶውን።

ይርጋ ወደ ውስጡ አየ። ቀና ሲል መሪማ እያየችው ነበር፤ ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ሊያየው ሲጠብቅ የኖረው ነገር ይህ የዕዳው ማብቂያ እንደነበር አወቀ። ደስታ ፈለገ፤ አላገኘም።

«በሰላም ግባ፤ የማርቲ አባት» አለችው።

የአብዱ እናት ሊላት አፉን ከፈተ፤ ተወው። አንገቱን ሰብሮ እጅ ነሣና ወጣ። ዝናቡ ይወርዳል። ቅርጫቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ምንም አይመዝንም ነበር።